ማክሮፋጁ ሞቶ ነው ወይስ ዝም ብሎ? የፒአርአርኤስ ቫይረስን በአሳማ ሳንባ ሴሎች ላይ የፈተሽኩበት መንገድ

በአጭሩ ፒአርአርኤስ የሚባለው የአሳማ የመራቢያና የመተንፈሻ አካላት ቫይረስ እናቲቱን ያስወርዳል፣ ግልገሉን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ከሁለቱም የሚከፋው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ቫይረሱ የሚራባው በሽታ እንዲከላከሉ በተሠሩት ሴሎች ውስጥ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ፣ ሌሊስታድ ውስጥ ሲለይም ያደገው በአሳማ የሳንባ ማክሮፋጅ ላይ ነበር። ማክሮፋጅ በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ እየዞረ አቧራውንም ባክቴሪያውንም የሚውጥ ሴል ነው። ቫይረሱ ሲዲ163 በተባለው ተቀባይ ፕሮቲን በኩል ይገባበታል።

መመለስ የፈለግኩት ጥያቄ አንድ ነው። ቫይረሱ የገባበት ማክሮፋጅ ሥራውን የሚተወው ስለሞተ ነው ወይስ በሕይወት እያለ ዝም ስላለ? ሁለቱም ይሆናል። ሁለቱን ሳይለዩ የሚለካ ቁጥር ግን ያሳስታል። አሠራሬን በሙሉ የወሰነው ይህ ነው።

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ሙከራ ሳይገባ፣ በአሳማው ምርጫ ላይ ነው። የምጠቀመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሆናቸውን ግልገሎች ነው። በኤሊሳም (ሰውነት በቫይረሱ ላይ የሠራውን አንቲቦዲ በሚፈልገው ምርመራ) በፒሲአርም (የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በሚፈልገው) ከቫይረሱ ነጻ መሆናቸው መረጋገጥ አለበት፤ አንዱ ብቻውን አይበቃም። የአሳማ የእንግዴ ልጅ አንቲቦዲ ስለማያሳልፍ ግልገሉ የእናቱን አንቲቦዲ የሚያገኘው ከእንገር ነው። ስለዚህ በኤሊሳ «አለበት» የተባለ ትንሽ ግልገል የእናቱን አንቲቦዲ ብቻ ይዞ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው፣ ባለፈው ሳምንት የተያዘ ግልገል ገና አንቲቦዲ አልሠራም። አንቲቦዲው በኤሊሳ መታየት የሚጀምረው ቫይረሱ ከያዘው ከ9 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ክፍተት የሚይዘው ፒሲአር ብቻ ነው። ሌሎቹ የአሳማ ተዋሲያን፣ ሰርኮቫይረስ 2 እና ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያም አብረው መፈተሽ አለባቸው፤ ሁለቱም ማክሮፋጁን ቀድመው ያስቆጡታል።

አሳማው በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ በማደንዘዣ ብዛት እንዲያልፍ ይደረጋል። ጉሮሮው ተቆርጦ የታረደ አሳማ ደሙ ወደ ሳንባው ስለሚገባ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የአየር ቧንቧውን ከመቁረጤ በፊት በመቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ሳንባውን ከነቧንቧው አውጥቼ ውጪውን ፒቢኤስ በተባለው ሴል በማይጎዳ ቀዝቃዛ የጨው ውህድ አጥባለሁ። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝን ግልገል 200 ሚሊሊትር ያህል በረዶ ላይ የቆየ ፒቢኤስ በቧንቧው አፈስሳለሁ። ፒቢኤሱ ካልሲየምና ማግኒዢየም የሌለው መሆን አለበት፤ ሁለቱ ማዕድናት ሴሉ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እንዲቀር ያግዛሉ። ሳንባውን በሁለት እጅ፣ ሊጥ እንደሚያሹ ሳይሆን ስፖንጅ እንደሚጫኑ፣ ለአንድ ደቂቃ በቀስታ እጫናለሁ፤ ከዚያ ገልብጬ ወደ ማሰሮው አንቆረቁራለሁ። ካፈሰስኩት ከግማሽ በላይ መመለስ አለበት። ሦስት ጊዜ እደግመዋለሁ። የሚወጣው ውኃ ደፍርሶ ከላይ ነጭ አረፋ ከያዘ ፈሳሹ እስከ አየር ከረጢቶቹ ደርሷል ማለት ነው፤ አረፋው ከረጢቶቹን ከሚያለሰልሰው ቅባት የሚመጣ ነው። ጥርት ብሎ ከተመለሰ ቧንቧው ላይ ቀርቷል።

ፈሳሹን በንጹሕ ጋዝ አጣርቼ በ50 ሚሊሊትር ቱቦ፣ በ400 ጂ፣ በ4 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ አደርገዋለሁ። ከታች የሚቀመጠው ዝቃጭ የቅቤ ቀለም ያለው ከሆነ ደህና ነው። ከቀላ በአሞኒየም ክሎራይድ ለ5 ደቂቃ ቀዩን ሴል አፈርሳለሁ። ሁለት ጊዜ ካጠብኩ በኋላ የሞተውን ሴል ብቻ በሚያቀልመው ትሪፓን ብሉ እቆጥራለሁ፤ በሕይወት ያለው ከ90 በመቶ በታች ከሆነ አልሠራበትም። አንድ ጠብታ በስላይድ ቀብቼ በቀለም አያለሁ። ወደ ቁጣ ቦታ የሚሮጠው ነጭ የደም ሴል፣ ኒውትሮፊል፣ ከጥቂት በመቶ በላይ ከሆነ ሳንባው አስቀድሞ ታሞ ነበርና ሴሎቹን እጥላለሁ። ደግ የሚመስሉ ሴሎችን መጣል ያሳዝናል፤ ግን የተቆጣ ማክሮፋጅ ቫይረስ ሳይነካው እንኳ ጤነኛው የማይሰጠውን መልስ ይሰጣል።

ማሳደጊያዬ አርፒኤምአይ 1640 ከ10 በመቶ የጥጃ ሴረም ጋር ነው። ሴረሙ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። ሳንባ ከባክቴሪያ ነጻ ስላልሆነ በሚሊሊትር 100 ዩኒት ፔኒሲሊን፣ 100 ማይክሮግራም ስትሬፕቶማይሲን፣ 50 ማይክሮግራም ጄንታማይሲንና ለሻጋታው 2.5 ማይክሮግራም አምፎቴሪሲን እጨምራለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ወጥመድ አለ። የጥጃ ሴረም የከብት የተቅማጥ ቫይረስን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህ ቫይረስ በአሳማ ሴል ውስጥም ያድጋል፣ ሴል ቫይረስ ሲገባበት የሚያመነጨውን የመከላከያ ፕሮቲን፣ ኢንተርፌሮንንም ያፍናል። ማለትም ልለካው የተነሳሁትን ነገር ሌላ ቫይረስ በስውር እየሠራው ነው። ስለዚህ ሴረም የምገዛው ከዚህ ቫይረስ ነጻ መሆኑ በምርመራ ከተረጋገጠ ዕጣ ብቻ ነው።

ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ በያንዳንዱ ጉድጓድ 100,000 ሴል እዘራለሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያልተጣበቀውን አጥቤ ሌሊቱን በ37 ዲግሪና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሳርፋቸዋለሁ። በማግስቱ ለአንድ ሴል አንድ ቫይረስ በሚደርስ መጠን ጨምሬ ለአንድ ሰዓት አቆይና አጥባለሁ።

ዋናው ነገር ከቫይረሱ ጎን ለጎን የሚቆሙት ጉድጓዶች ናቸው። መጀመሪያ ማወዳደሪያ የማደርገው ባዶ ማሳደጊያ ነበር፤ ስህተት ነው። የቫይረሱ ክምችት የተዘጋጀው ከሞቱ ሴሎች ስለሆነ በውስጡ የእነዚያ ሴሎች ሳይቶካይን (ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች) እና ፍርስራሽ አለ። ትክክለኛው ማወዳደሪያ ቫይረስ ካልገባባቸው ሴሎች በዚያው መንገድ የተዘጋጀ ፈሳሽ ነው። ሁለተኛው በአልትራቫዮሌት ጨረር መራባት የተሳነው ቫይረስ ነው፤ ለውጡ የመጣው ከመነካካት ነው ወይስ ከመራባት የሚለውን ይለያል። ሦስተኛው የቫይረስ አርኤንኤን የሚመስል ሠራሽ ውህድ፣ ፖሊ አይሲ ነው፤ ኢንተርፌሮን እንዲሠራ ሴሉን ይቀሰቅሰዋል። አራተኛው፣ ከሁሉም የሚናገረው፣ ቫይረሱ ከገባ በኋላ ፖሊ አይሲ የሚጨመርበት ጉድጓድ ነው። ቫይረሱ ብቻውን ባለበት ኢንተርፌሮን አለመታየቱ ሴሉ እንግዳውን አላየውም ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። እየተቀሰቀሰም ካልመለሰ ግን ታፍኗል። ከቫይረሱ ፕሮቲኖች ኤንኤስፒ1 የተባለው በዚህ አፈና ዋና ተጠያቂ ነው።

ጊዜውም ይወስናል። በ24ኛውና በ48ኛው ሰዓት መካከል ፕሌቱን በማይክሮስኮፕ ብታዩት ክንዳቸውን ዘርግተው ተለጥፈው የነበሩት ሴሎች ተሰብስበው ክብ ሆነዋል፣ ጠርዛቸው ያበራል፣ አንዳንዱም ከወለሉ ለቆ ይንሳፈፋል። በዚያ ሰዓት የተለካ «ኢንተርፌሮን በግማሽ ቀነሰ» ግማሹ ሴል ሞቷል ከማለት ላይለይ ይችላል። ስለዚህ ኢንተርፌሮንን በ6ኛውና በ12ኛው ሰዓት እለካለሁ። በሁሉም ሰዓት ደግሞ ከተመሳሳይ ጉድጓድ በሕይወት ያለውን ሴል ቆጥሬ ውጤቱን ለእርሱ አካፍላለሁ።

የመዋጥ አቅሙን የምለካው የአንድ ማይክሮሜትር ስፋት ባላቸው የሚያበሩ ዶቃዎች ነው፤ ለአንድ ሴል 10 ዶቃ፣ ለአንድ ሰዓት። አንድ ተመሳሳይ ፕሌት በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ በብርድ ሴል ስለማይውጥ እዚያ የሚታየው ዶቃ ከውጭ የተለጠፈ ነውና ከውጤቱ ይቀነሳል። ቀጥሎ የቫይረሱን ኤን ፕሮቲን (የዘር ቅንጣቱን የሚጠቀልለውን) በአንቲቦዲ ቀለም እቀባለሁ። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ማክሮፋጅ ሁሉ ስለማይያዝ የተያዘውንና ያልተያዘውን ጎረቤቱን ማወዳደር ይቻላል። ከዚህ የተሻለ ማወዳደሪያ አላገኘሁም።

በደም በኩል ያለውን በአጭሩ ልንገር። እንዳይረጋ በሄፓሪን የተቀዳ ደም በእኩል ፒቢኤስ ቀጥኖ፣ ነጭ የደም ሴሎችን በክብደት በሚለየው ፊኮል (እፍጋቱ 1.077) ላይ ይደረባል፤ 30 ደቂቃ፣ የሴንትሪፊውጁ ፍሬን ጠፍቶ። ፍሪጅ ያደረ ደም ግራኑሎሳይቱ ከሊምፎሳይቱ ጋር ይደባለቃልና በዕለቱ መሠራት አለበት። ሴሎችን አንድ በአንድ በሚቆጥረው ፍሎው ሳይቶሜትር ስታዩት ሲዲ4 እና ሲዲ8 የተባሉት የቲ ሴል ምልክቶች ሁለቱም ያሉባቸው ብዙ ሴሎች፣ ከሰው ደም እጅግ የበዙ ጋማ ዴልታ ቲ ሴሎችም ታገኛላችሁ። የማሽን ስህተት አይደለም፤ የአሳማ ደም እንዲህ ነው።

አንቲቦዲውን በተመለከተ ገበሬውም ሐኪሙም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በሁለት ሳምንት በኤሊሳ የሚታየው በአብዛኛው በኤን ፕሮቲን ላይ የተሠራ ነው፤ ቫይረሱን አያግደውም። የሚያግደው ዘግይቶ፣ ወደ አራተኛው ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቫይረሱም ከደም ከጠፋ በኋላ በቶንሲልና በንፍፊቶች ውስጥ ለወራት ይቆያል። በዚህ መሐል ባክቴሪያዎቹ ስትሬፕቶኮከስ ሱዊስና ግሌሰሬላ ፓራሱዊስ የተዳከመውን ሳንባ ያገኙታል። ቫይረሱ በደም እያለ የሚሰጥ የማይኮፕላዝማ ክትባትም ውጤቱ ይቀንሳል። ስለዚህ መንጋ ውስጥ የክትባት ቀን ከመቁረጥ በፊት ሴረሙን በፒሲአር ማየት ይጠቅማል።

የአፍሪካ አሳማ ትኩሳትም ዋና መደበቂያው ማክሮፋጅና በደም ውስጥ ያለው የቅርብ ዘመዱ ሞኖሳይት ነው። ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ጂኖታይፕ 23 የተባለ ራሱን የቻለ ዝርያ ስለተገኘ ይህን ሥራ በዚያ ቫይረስ መሞከር የሚያምረው አንባቢ ይኖራል። ሴል የማውጣቱ ክፍል እንዳለ ይሠራል። ቫይረሱን መክፈት ግን ከፍተኛ ጥበቃ ባለው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው። እዚያ የሚሞተው ሊምፎሳይት በአብዛኛው ቫይረሱ ያልገባበት ጎረቤት ስለሆነ የሞት ቆጠራው ከማክሮፋጁ ተለይቶ መሠራት አለበት።

ስለ ቁጥር የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ከአንድ አሳማ የተዘሩ 12 ጉድጓዶች 12 ውጤት አይደሉም፤ አንድ አሳማ ናቸው። የአንዱ ግልገል ማክሮፋጅ ከሌላው በኢንተርፌሮን መጠን በእጅጉ ይለያል። ቢያንስ ከሦስት፣ ቢቻል ከተለያዩ እናቶች ከተወለዱ አሳማዎች የወጡ ሴሎችን ሳልፈትሽ ውጤት አልጽፍም። የተረፈውንም በ90 በመቶ ሴረምና ሴሉን ከበረዶ ጉዳት በሚጠብቀው 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ፣ በሚሊሊትር 30 ሚሊዮን ሴል አድርጌ፣ በደቂቃ አንድ ዲግሪ እየቀዘቀዘ አስቀምጣለሁ፤ ቱቦው ላይ የአሳማው ቁጥር፣ ቀኑና የሴረሙ ዕጣ ይጻፋል።