የአለርጂ የደም ምርመራ ናሙና ቤቴ ሆኜ እንዴት እንደሰጠሁ

ጠዋት ጠዋት ማስነጠስ፣ የአፍንጫ መታፈን፣ የዓይን ማሳከክ። ትኩሳት የለውም፣ ሳምንታት አልፈውም አይለቅም። ጉንፋን እንዳልሆነ ግልጽ ነበር። ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

የደም ምርመራን የመረጥኩት በኪኒኑ ምክንያት ነው። በቆዳ ላይ ለሚደረገው ምርመራ ፀረ-አለርጂ ኪኒን ለተወሰኑ ቀናት ማቆም ያስፈልጋል። ለደሙ ግን አያስፈልግም። ያለ ኪኒን መዋል ለሚከብደው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ኪት (ናሙና ቤት ሆኖ መስጫውን ዕቃ) ስትመርጡ አንድ ነገር አጥብቃችሁ እዩ፤ የሚለካው አይጂኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል መሆን አለበት። ማስነጠስና ማሳከክ የሚያመጣው አለርጂ የሚሄደው በእሱ በኩል ነው። አይጂጂ የተባለውን ሌላ ፀረ እንግዳ አካል የሚለካ ወይም ፀጉር የሚመረምር ኪት አለርጂን አያሳይም። እንዲህ ዓይነቱን ለታመመ ሰው መሸጥ ያናድደኛል።

ናሙና መስጠቱ ትዕግሥት ይፈልጋል። ውኃ ጠጣሁ፣ እጄን በሙቅ ውኃ ታጥቤ በደንብ አደረቅሁ፣ ክንዴን ወደ ታች ለቅቄ ትንሽ ተንጎራደድኩ። የቀለበት ጣቴን ጫፍ ከመሃል ሳይሆን ከጎን በኩል ወጋሁ፤ ጎኑ ያን ያህል አያምም። የመጀመሪያዋን ጠብታ በንጹሕ የቁስል ጨርቅ ጠረግሁ። ቀጣዮቹ እያበጡ በራሳቸው ክብደት ወደ ቱቦው ወረዱ። ፍሰቱ ሲቀንስ ከመዳፌ ወደ ጣቴ በቀስታ አሻሸሁ። ጫፉን አጥብቆ መጭመቅ ግን የደም ሴሎችን ይሰብራል፤ ናሙናው ሊበላሽ ይችላል።

ናሙናውን ወደ ላብራቶሪ ልኬ ውጤቱን ስጠብቅ መቼና የት እንደሚብስብኝ ማስታወሻ ያዝኩ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው። ምክንያቱም ውጤቱ ሲመጣ ሁለት ነገር ከፍ ብሎ ታየ፤ የቤት አቧራ ማይት (አቧራ ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ተባይ) እና ድመት። በተለምዶ የአይጂኢው መጠን 0.35 ኪሎ ዩኒት በሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ‘ፖዘቲቭ’ ይባላል። ይህ ማለት ግን ሰውነት ለዚያ ነገር አይጂኢ ሠርቷል ማለት ብቻ ነው። ታመሃል ማለት አይደለም። ቁጥሩ መጨመሩም ሕመሙ ምን ያህል እንደሚከብድ በትክክል አይናገርም።

ማስታወሻዬ ላይ ድመት ካለበት ቤት ውዬ ምንም ያልሆንኩባቸው ቀናት አሉ። አልጋ ሳነጥፍና ስነሳ ግን ሁሌም ያስነጥሰኛል። ማይት በዓይን አይታይም፤ ፍራሽና ትራስ ውስጥ ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን እየበላ ይኖራል። የሚያስነጥሰን በዋናነት ኩሱ ነው። ውጤቱንና ማስታወሻዬን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙም የድመቱን ውጤት ለጊዜው ተወውና ማይቱ ላይ አተኮረ።

አሁን አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ይታጠባል። ፍራሹና ትራሱ ማይት የማያሳልፍ ሽፋን ለብሰዋል። የታዘዘልኝን የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይ በየቀኑ እጠቀማለሁ፤ ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ አትተዉት። ይህ ካልበቃ ቀጣዩ አማራጭ ሰውነትን ከማይቱ ጋር ቀስ በቀስ የሚያላምደው ሕክምና ነው። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል፤ በሐኪም ክትትል የሚደረግ ነው።