ሁለቱም ቃሊቲ ይቆያሉ

ቶሮንቶ ውስጥ የምሠራው መጋዘን ነው። ማታ ገብቼ ጠዋት እወጣለሁ። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ስልካቸው ላይ ሲያፈጡ እኔ ልብ ወለድ አነባለሁ። በተለይ አንድ ዓይነት እወዳለሁ። ሁለት ወንዶች አንድ መሥሪያ ቤት ይገናኛሉ። አንዱ ቁጥብና ሥርዓት አክባሪ፣ ሌላው ጨዋታ የማያልቅበትና ዝርክርክ። መጀመሪያ ዓይንህን አልይ ይባባላሉ። በኋላ አንዱ ያለ ሌላው መዋል ያቅተዋል።

ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ የሚሄደው ወደ ቃሊቲ ነው። ስለዚህ የራሴን መጻፍ ጀመርኩ፣ በአማርኛ።

ታሪኩ የሚካሄደው ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ አቃቂ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ተሳቢዎች ተሰልፈው በሚያድሩበት ሰፈር ነው። ጊዜው ከ2008 ዓ.ም. በፊት ነው፤ ቀላል ባቡሩ ገና ሥራ አልጀመረም። አንደኛው ሰው ንብረት ክፍል ነው። ቢን ካርዱ ላይ፣ ማለትም የዕቃ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ ላይ፣ ስርዝ ድልዝ ማየት አይፈልግም። ሌላው የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው። የአፋርን ሙቀት አልፎ፣ አቧራ ለብሶ፣ የተጨማደደ ሰነድ ይዞ ይደርሳል።

«ወንድሜ፣ ይቺን ፈርምልኝና ሄጄ ልተኛበት» ይላል።

«መጀመሪያ ይቆጠራል» ይለዋል ያኛው፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ጭቅጭቁ ከዚህ ይጀምራል። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አንደኛው እኔ ነበርኩ። የሌላውን ስም ቀይሬዋለሁ፤ የመኪናውን ቀለም ሳይቀር።

ረቂቁን ያነበበ አንድ የአገሬ ልጅ «ለምን ቶሮንቶ አታደርገውም? ቃሊቲ ነው ብትል ማን ያምንሃል?» አለኝ። ለእኔ ፈርቶ እንደሆነ ገብቶኛል። እዚህ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2005 ጀምሮ ሁለት ወንዶች በመላ አገሪቱ በሕግ ይጋባሉ። እኛ ዘንድ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 አብረው ቢተኙ እስር ይፈርድባቸዋል። ቢሆንም ቦታውን አልቀይርም። እኔ ያፈቀርኩት እዚያ፣ ናፍጣ እየሸተተኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ውጭ አገር ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ከቃሊቲ ነቅዬ ባመጣው እነሱን ማጽደቅ ይሆንብኛል።

ደግሞም ታሪኩ እዚህ ቢመጣ ይበላሻል። በማነባቸው መጻሕፍት ትልቁ ጭንቅ የመጀመሪያው መነካካት ነው። እጅ ከእጅ እስኪገናኝ ምዕራፍ ያልቃል። ቃሊቲ ላይ ይሄ አይሠራም። እኛ ዘንድ ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ይጎራረሳሉ። ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ሽሮ ቀርቦ እሱ ሲያጎርሰኝ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ጉርሻው አልወርድ የሚለው እኔን ብቻ ነበር።

ጭንቁ «ሠርግህን መቼ ነው የምንበላው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ቡና የሚያፈሉልን እትዬ በየጊዜው የሰፈር ልጅ ይመርጡልን ነበር። እሱ እየሳቀ «እንግዲያው እህትማማቾች ይፈልጉልን፣ እንዳንለያይ» ይላቸዋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔ ቢን ካርዱ ላይ አቀረቅራለሁ። እሱ የፈለገውን ሁሉ በቀልድ አድርጎ ሰው ፊት ይናገራል፤ እኔ ለብቻችን ስንሆን እንኳ ቃል አይወጣኝም። የልዩነታችን ልክ ይሄ ነበር። የምወደውም በዚሁ ነው።

አሁን የደረስኩበት ምዕራፍ ሰኔ 30 ነው፣ የበጀት መዝጊያ ቆጠራ። የሱ መኪና ጋራዥ ስለገባ ከእኔ ጋር ተመድቧል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ የለም። እሱ ካርቶን ላይ ወጥቶ ይቆጥራል፣ እኔ ከታች እጽፋለሁ። «ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ… ኧረ ጠፋብኝ፣ ከአንድ ልጀምር» ይላል። ደግሞ ያጠፋል። እበሽቃለሁ፤ አንድ መደርደሪያ ይሄን ያህል ይፈጃል? ቀና ስል ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይዞታል። ለካ ቆጠራው እንዲያልቅ አይፈልግም። ይህን ገጽ ስንቴ ቀድጄ እንደጻፍኩት!

የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ አንባቢ መጨረሻ ላይ አብረው እንዲሆኑ ይጠብቃል። የእኔ ሕይወት ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ሄዶ ተቆርጧል። መጽሐፉ ግን እዚያ አያልቅም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ይከራያሉ። ሁለት ላጤ ቤት ተካፍሎ ቢኖር ጎረቤት ምን ይገርመዋል? አንዱ ጫማ ይደረድራል፣ ሌላው ይበትናል። ስለ ውኃ ፈረቃ ይጨቃጨቃሉ።

ቱሉ ዲምቱ የምትኖሩ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ውኃው በየስንት ቀኑ ይመጣል? ጀሪካኑን አራተኛ ፎቅ የሚያወጣላችሁ ማነው? ተሳቢ ነጂ እዚያ ሰፈር መኪናውን የት ያሳድራል? ቤታቸውን በደንብ ላደራጅላቸው እፈልጋለሁ።