ሳልጠይቅ ራጅ ያነሳሁ ቀን

ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የራጅ ባለሙያ ነኝ። አንድ ጠዋት ከመንዝ የመጣች እናት ሳል የጠናበትን የሁለት ዓመት ልጇን በባና ጠቅልላ ገባች። ልጁ አልረጋም አለ። እንደወትሮው «ያዢው እህቴ» አልኳት፤ ያዘችው፤ ቁልፉን ተጫንኩ። ልጇን አዝላ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «ዶክተር፣ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ጽንሱን አይነካብኝም አይደል?» አለችኝ። እሷ የጠየቀችኝን ቀድሜ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ (የሊድ ብረት) ሽርጥ፣ ኤፕረንም አላለበስኳትም።

ያን ቀን ማታ ሒሳቡን ሠራሁ። ጽንስ ላይ ጉዳት ማየት የሚጀመረው 100 ሚሊግሬይ አካባቢ ነው፤ ግሬይ ሰውነት የተቀበለው ጨረር የሚለካበት ነው፣ ሚሊግሬይ የሱ ሺህኛ። ከልጅ ደረት ራጅ ተበትኖ ልጁን የያዘው ሰው ጋ የሚደርሰው ከዚያ ከሺህ ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ልጁ ተኝቶ ይታከም ስለነበር በማግስቱ አልጋው ድረስ ሄጄ አስረዳኋት፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። ፊቷ ሲፈታ አየሁ። እኔ ግን አልቀለለኝም፤ ከ8ኛው እስከ 15ኛው ሳምንት የጽንሱ አእምሮ ለጨረር በጣም ስስ የሚሆንበት ጊዜ ነውና።

ጨረሩ ሲያልፍ ከአቶም ኤሌክትሮን ይነቅላል። የሴሉን የዘር ሰንሰለት፣ ዲኤንኤን፣ በቀጥታ ይሰብራል፤ ወይም በሴሉ ውስጥ ያለውን ውኃ ሰንጥቆ ዲኤንኤን የሚያጠቃ ቅንጣት ይፈጥራል። ሴሉ አብዛኛውን ስብራት ይጠግነዋል፤ ጥገናው ከተሳሳተ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ቆዳ የሚቀላው 2 ግሬይ አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ለካንሰር ግን «ከዚህ በታች ምንም አያደርግም» የሚባል ልክ እንደሌለ ቆጥረን ነው የምንጠነቀቀው። ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎች፣ የጽንስና የመቅኔ ሴሎች፣ ይብሱን ይጎዳሉ።

ሬንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። የኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ የራጅ ቱቦውን በገዛ እጁ ላይ ሲሞክር ኖሮ፣ ሁለት እጆቹ ተቆርጠው በ1904 ሞተ። እኔም የደረሰኝን ጨረር የሚመዘግበውን ዶዚሜትሬን መሳቢያ ውስጥ ትቼ ስንት ሕፃን በእጄ ይዣለሁ! ለሠራተኛ የተፈቀደው በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (ጨረር በሰው ላይ የሚያደርሰው አደጋ የሚለካበት) ነው፤ ዶዚሜትሩ መሳቢያ ውስጥ ከዋለ ስንት እንደደረሰኝ ማን ይንገረኝ?

መጀመሪያ የነካሁት ኤፕረኑን ነው። ሁላችንም እንደ ጋቢ አጥፈን ወንበር ላይ እንጥለው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ራሱን ራጅ አነሳሁት፤ በእጥፋቱ ልክ ጥቁር መስመር ወጣ። እርሳሱ ተሰንጥቋል። ከውጭ ግን ጨርቁ ደህና ነበር። ሌላ እስኪመጣ ሁለት ወር ጠበቅን፤ አሁን በወፍራም መስቀያ ይንጠለጠላል። ወለሉ ላይ ከቱቦው ሁለት ሜትር ርቀት ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። ልጅ የሚይዘው አባት ካለ አባት ነው፤ ኤፕረን ለብሶ፣ እጁን ከጨረሩ መንገድ አውጥቶ።

ድጋሚ ማንሳትም ሌላ ጨረር ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአንገት መስቀል ነው፤ ሳንባው ላይ ያርፋል። ማተብ ፍቱ ማለት ከባድ ነገር ስለሆነ «እናቴ፣ መስቀሉን በከንፈርዎ ይያዙልኝ» እላለሁ። ደስ ብሏቸው ይይዙታል።

የከበደኝ ጥያቄው ራሱ ነው። «ነፍሰ ጡር ነሽ?» ስል አማቷ አጠገቧ ከቆመች አንገቷን ደፍታ «አይ» ትላለች። ስለዚህ አጃቢውን ከበሩ ውጭ አስቀምጬ፣ በሩን ዘግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የወር አበባሽ መቼ ነው የመጣው?» እላታለሁ። ያኔ ጣቷን እየቆጠረች ትነግረኛለች።