ያልተበላውን ኤሌክትሪክ መለካት፦ ከጥናቴ ሁለተኛው ማስታወሻ

ባለፈው ማስታወሻዬ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ጅምላ ገበያ በየሰዓቱ ዋጋ እንዴት እንደሚያወጣ ጽፌላችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት በሙሉ የፍጆታ ቅነሳን የሚመለከት ነው፤ ይኸውም ገበያው በተጨናነቀ ሰዓት ፋብሪካው፣ ሱቁ ወይም ቤተሰቡ ፍጆታውን ሲቀንስ ክፍያ የሚያገኝበት አሠራር። ስጀምር ዋናው ክርክር ስለ ዋጋው ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የነገሩ ቁልፍ መለኪያው ላይ እንደሆነ አምኛለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ከዋጋው ልነሳ። የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በመጋቢት 2011 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ትዕዛዝ ቁጥር 745ን አወጣ። ትዕዛዙ እንደሚለው፣ ፍጆታውን የቀነሰ ሰው ኃይል አመንጭቶ ከሸጠው ጣቢያ ጋር እኩል፣ በዚያ ሰዓትና በዚያ ቦታ የዋለውን የገበያ ዋጋ ያገኛል። ይህ የሚሆነው ግን ቅነሳው ለሌሎች ገዢዎች ጥቅም ካስገኘ ብቻ ነው።

ይህ «ጥቅም ካስገኘ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ወረቀትና እርሳስ ይዤ እስክቀመጥ ድረስ አልገባኝም ነበር። ለምሳሌ ያህል የራሴን ቁጥሮች ልውሰድ። ገበያው 1,000 ሜጋ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ የአንዱ ሜጋ ዋት ሰዓት ዋጋም 60 ዶላር ነው። 50 ሜጋ ዋት ሰዓት ተቀነሰና ዋጋው ወደ 55 ወረደ እንበል። አመንጪዎቹ ለ950፣ ቀናሾቹ ለ50 ይከፈላቸዋል፤ ድምሩ 55,000 ዶላር ነው። ይህ ሒሳብ የሚከፋፈለው ግን በእርግጥ በተገዙት 950 ሜጋ ዋት ሰዓቶች ላይ ብቻ ስለሆነ ለእያንዳንዱ 57.89 ዶላር ይደርሳል። ከ60 ስለሚያንስ ገዢዎቹም አትርፈዋል። ዋጋው ወደ 59 ብቻ ቢወርድስ? 59,000 ለ950 ሲካፈል 62.11 ይሆናል። ዋጋው ወርዶም ሒሳቡ ጨመረ! ኮሚሽኑ የገበያ አስተዳዳሪዎቹን በየወሩ የመነሻ ዋጋ እንዲያሰሉ ያዘዘው ለዚህ ነው፤ ከዚያ ዋጋ በታች የትዕዛዙ ሙሉ ክፍያ አይሠራም።

በክፍያው መጠን ላይ ታላላቅ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ተከራክረዋል። አልፍሬድ ካን ሙሉ ዋጋ እንዲከፈል ደገፉ፤ የሃርቫርዱ ዊሊያም ሆጋን ተቃወሙ። የተቃዋሚዎቹ ነጥብ ግልጽ ነው፦ ኤሌክትሪክ ያልገዛ ሰው የችርቻሮ ዋጋውን አስቀድሞ አትርፏል፤ በላዩ ላይ ሙሉ የገበያ ዋጋ ሲጨመርለት ከአመንጪው የበለጠ ያገኛል። እኔ ወደ ሆጋን ወገን አደላለሁ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2014 ትዕዛዙን ሻረው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በጥር 2016 በ6 ለ2 ድምፅ መልሶ አጸናው። ክርክሩ በሕግ በኩል በዚሁ ተዘጋ።

መለኪያው ግን በፍርድ ቤት የሚዘጋ አይደለም። ቆጣሪ የሚያሳየው የተበላውን ነው። ያልተበላውን ለማወቅ «ክፍያው ባይኖር ኖሮ ይህ ደንበኛ ስንት ይጠቀም ነበር?» ብሎ መገመት ያስፈልጋል። ግምቱን መነሻ ፍጆታ ልበለው። አሥራ ሦስት ግዛቶችንና ዋሽንግተን ዲሲን የሚያገለግለው የገበያ አስተዳዳሪ ፒጄኤም በሥራ ቀናት በመደበኛነት የሚከተለው ስሌት ከቅርብ አምስት ተመሳሳይ ቀናት ከፍተኛ ፍጆታ የታየባቸውን አራቱን ወስዶ አማካያቸውን ማውጣት ነው። የዕለቱ ሙቀት የተለየ ሊሆን ስለሚችልም ከቅነሳው በፊት ባሉት ሰዓታት ፍጆታ ያስተካክለዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቅን ለሆነ ተሳታፊም በቂ ነው።

ቅን ያልሆነውስ? እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ የቆየሁበት የራምፎርድ ወረቀት ፋብሪካ ጉዳይ አለ። ፋብሪካው በሜይን ግዛት የሚገኝ ሲሆን የራሱ ጄኔሬተር ስላለው የሚያስፈልገውን ኃይል በአብዛኛው ራሱ ያመነጫል። በ2007 በኒው ኢንግላንድ የቅነሳ መርሐ ግብር ሲመዘገብ፣ መነሻ ፍጆታው በሚለካባቸው ቀናት ጄኔሬተሩን ዝቅ አድርጎ ከመረቡ ብዙ ገዛ። ልኬቱ ሲያበቃ ጄኔሬተሩን ወደ ወትሮው መለሰና ልዩነቱን «ቀነስኩ» ብሎ ክፍያ ተቀበለበት። ደንቡ መነሻውን የሚያድሰው ተሳታፊው ቅናሽ ባልሸጠባቸው ቀናት ብቻ ስለነበር፣ በየቀኑ የሚሸጥ ሰው መነሻው ከፍ እንዳለ ይቆይለታል። ጉዳዩ በ2013 በስምምነት ሲያልቅ ፋብሪካው 10 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት እንዲከፍልና የተቀበለውንም ገንዘብ እንዲመልስ ተወሰነ። እኔን የሚያስቆጣኝ የማታለሉ ድፍረት ብቻ አይደለም። አንድም ኪሎ ዋት ሳይቀነስ ገንዘቡ የወጣው ከሌሎች የመብራት ሒሳብ መሆኑ ነው።

በምኖርበት ሜሪላንድ ይኸው ነገር በቤት ደረጃ ይታያል። የኤሌክትሪክ አከፋፋዮቹ የፔፕኮና የቢጂኢ ደንበኞች ለዓመታት በተመረጡ የበጋ ቀናት ከወትሮው ዝቅ ላደረጉት እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 1.25 ዶላር ከሒሳባቸው ሲቀነስላቸው ቆይቷል። በዚህ አካባቢ ቤታቸው ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች አሉ። 1.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ ለሦስት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ከመሥራት ወደ ማለዳ ቢዛወር 4.5 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 5.60 ዶላር ገደማ ያስገኛል። ልብ በሉ፤ ይህ የሚሆነው በወትሮው ከሰዓት በኋላ ለሚጋግሩት ነው። ድሮም በማለዳ የሚጋግሩ፣ አየር ማቀዝቀዣቸውንም ቆጥበው የሚጠቀሙ አዛውንት ከምን ላይ ይቀንሳሉ? ለጉብኝት ወጥቶ ቤቱን ዘግቶ የሄደው ጎረቤታቸው ግን ምንም ሳይደክም ያገኛል። ስሌቱ የሚሸልመው ለውጥን እንጂ ቁጠባን አይደለም፤ ይህ ፍትሕ ይጎድለዋል ብዬ አምናለሁ።

ከእናንተ መካከል ይህ ለኢትዮጵያ ምን ይረባል ያላችሁ አላችሁ። በኢትዮጵያ በየሰዓቱ የሚጫረት የጅምላ ገበያ የለም፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ያከፋፍላል። ስለዚህ ትዕዛዝ 745ን መቅዳት አይታየኝም። የቤት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ ከፍ የሚል ነው፤ ስንት ተጠቀማችሁ ይላል እንጂ መቼ ተጠቀማችሁ አይልም። ምሽት ላይ ምጣዱም ምድጃውም መብራቱም በአንድነት ሲበራ ጫናውን የሚሸከሙት የየሰፈሩ መስመሮችና ትራንስፎርመሮች ናቸው። በእኔ አስተያየት እዚያ የሚያዋጣው በሰዓት የተለያየ ታሪፍ ነው፦ ምሽት ወደድ፣ ሌሊትና ረፋድ ረከስ ያለ። ሰዓቱን የሚመዘግብ ቆጣሪ ይጠይቃል፤ ያም ወጪ አለው። ነገር ግን የሚያስከፍለው በተበላው ላይ ብቻ ስለሆነ ማንም መነሻ መገመት፣ ማንም መነሻ ማሳበጥ አይችልም። ማለዳ የሚጋግሩት እናትም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይጠቀማሉ።

ቀጥዬ የማነበው በመስከረም 2020 የወጣውን ትዕዛዝ ቁጥር 2222 ነው፤ የቤት ባትሪዎች፣ የጣሪያ ሶላሮችና የኤሌክትሪክ መኪናዎች ተሰባስበው ወደ ጅምላ ገበያ እንዲገቡ የፈቀደው። በተለይ የባትሪ መነሻ ፍጆታ እንዴት እንደሚሰላ ለማየት ቸኩያለሁ። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ ያላችሁ ጓደኞቼ የሰዓት በሰዓት የቆጣሪ መዝገባችሁን ከአቅራቢያችሁ ድረ ገጽ ማውረድ ትችሉ ይሆናል። ስምና አድራሻ አጥፍታችሁ የሐምሌን ወር ብትልኩልኝ የአምስቱን ቀን ስሌት በእያንዳንዱ ቤት ላይ ሠርቼ በሚቀጥለው ማስታወሻ ውጤቱን አቀርባለሁ።