ግማሽ በርሜል አራተኛ ፎቅ ያወጣሁ ሰው ምክር

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጂ+4 ነው። ሊፍት የለውም። እኔ ያለሁት መጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ በረንዳዬ ላይ ቃሪያና ቲማቲም ላሳድግ ተነሳሁ። ዘር መግዛት ቀላል ነው። ችግኝ ማፍላትም ቀላል ነው፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቆርጦ፣ ታቹን በስቶ፣ ሁለት ሁለት ዘር መጣል ብቻ ነው። ፀሐይም አልቸገረኝም። በረንዳዬ ወደ ደቡብ ስለሚያይ ከመስከረም እስከ የካቲት ፀሐይዋ ቤቴ ድረስ ትገባለች። (ወደ ሰሜን የሚያይ የደረሳችሁ ደህና ፀሐይ የምታገኙት ከሚያዝያ ወዲህ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ክረምቱ ደመናውን ይዞ ይመጣባችኋል። ዕጣው ሲወጣ ይህን የነገረን የለም።)

ጉድ ያደረገኝ መትከያ ዕቃው ነው።

ወረዳው የከተማ ግብርና ስልጠና ሰጥቶን ነበር። አሰልጣኙ አፈ ቅቤ ነው። «ዕቃው በሰፋ ቁጥር ሥሩ ይሰፋል፣ ሥሩ በሰፋ ቁጥር ምርቱ ይሰፋል» አለን። ጽፌ ያዝኩት፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ሌላው ምክሩ ደግሞ «ውሃው እንዲወርድ ታች ጠጠር አድርጉ» የሚል ነበር። ሁለቱንም እንደ ወንጌል ተቀበልኩ። እሱ ራሱ አንድ ቃሪያ አሳድጎ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ሄጄ ባለ 200 ሊትር የብረት በርሜል ገዛሁ። ቀድሞ ምን እንደነበረበት አልጠየቅኩም። ዛሬም ይህን ሳስብ በራሴ እበግናለሁ፤ የሚበላ ነገር ልተክልበት እኮ ነው! በኦሞ አጥቤ «ጸዳ» አልኩ። ብየዳ ቤት ወስጄም በግራይንደር ለሁለት አስቆረጥኩት።

አፈሩን ከብሎካችን ጀርባ አስቆፈርኩ። የሰፈራችን አፈር ጥቁር ኮትቻ ነው። በክረምት ጫማ ይነቅላል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሁለት ልጆች በማዳበሪያ ጆንያ እየተሸከሙ አወጡልኝ። ስንተኛው ዙር ላይ እንደሆነ እንጃ፣ አንደኛው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ «ጋሼ፣ እዚያ ላይ ሌላ ቤት ሊሠሩ ነው እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም።

ግማሽ በርሜል 100 ሊትር ያህል ይይዛል። እርጥብ አፈር በሊትር አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ይመዝናል። ሁለቱ ግማሾች አንድ ላይ 300 ኪሎ ገደማ ማለት ነው፣ ያውም ሰው በጎን በሚያልፍበት በረንዳ ላይ። ይህን ያሰላሁት በኋላ ነው።

እዚያ ሁሉ አፈር ውስጥ የጣት ቁመት ያላቸውን ችግኞች ተከልኩ። አንዱ ግማሽ ላይ አራት ቃሪያ፣ ሌላው ላይ ሦስት ቲማቲም። ሜዳ ላይ የጠፉ ጥጆች መሰሉ። እኔ ግን ሰፊ ቤት የሰጠኋቸው መስሎኝ ደስ ብሎኛል።

ከላይ አፈሩ ደርቆ ሳይ አጠጣለሁ። ቅጠላቸው ቢጫ ሲሆን «ጠምቷቸዋል» ብዬ ጨመርኩ። ሲጠወልጉም ጨመርኩ። ሥሩ የበሰበሰ ተክልና ውሃ የጠማው ተክል ለዓይን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አንገታቸውን ይደፋሉ። ያኔ ጣቴን ሁለት አንጓ ያህል አፈሩ ውስጥ ብሰድ ኖሮ እርጥበቱን አገኘው ነበር። አልሰደድኩም። ጥቅምት ገባ፣ ሌሊቱ ቀዘቀዘ። እኔ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እያልኩ ሥጋ ቤት ስዞር እነሱ በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ።

በመጨረሻ ውሃው ከላይ መተኛት ጀመረ። ታች ያስበሳኋቸው ሦስት ቀዳዳዎች በኮትቻው ተደፍነዋል። እሑድ ጠዋት ረጅም ፌሮ ብረት ይዤ በርሜሉን ጋደል አድርጌ ከታች ወጋሁት። የሳምንታት ውሃ ከዝገትና ከፍግ ጋር ተቀላቅሎ ተዘረገፈ። በበረንዳው ጠርዝ ወደ ታች ወረደ።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ በርበሬያቸውን አስጥተው ነበር።

ጩኸታቸውን እስከ ግቢው በር ሰምተውታል። «አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ?» ነው ያሉት፣ ሌላ አልጨመሩም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በርበሬውን ገዝቼ ተካሁ። የበርበሬን ዋጋ ለምታውቁት አልነግራችሁም።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው መጣ፣ ሦስት ሆነው። ሊቀ መንበሩ በርሜሉን ዞር ዞር ብለው አዩና «የሕንፃውን መዋቅር አደጋ ላይ ጥለሃል፣ በሦስት ቀን አውርድ» አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልካድኩም። ግን አንድ ነገር ጠየቅኩ፤ «በረንዳው ስንት ኪሎ ይችላል? ልወቀውና ሁለተኛ እንዳልሳሳት።» ማንም አያውቅም። «ለምን ጠየቅክ» የሚል ፊት ነው ያሳዩኝ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የሊቀ መንበሩ በረንዳ ላይ የ500 ሊትር ሮቶ አለ። 500 ሊትር ውሃ 500 ኪሎ ነው። ይህን አፌ ላይ አድርሼ ዋጥኩት። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

አፈሩን መልሼ ያወረድኩት ራሴ ነኝ። እነዚያ ልጆች አንመጣም አሉ።

ቃሪያዎቹን ስነቅል ነው ነገሩ የገባኝ። ሥራቸው በሙሉ አንድ የቡና ስኒ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ውጪ ያለው 100 ሊትር አፈር ውሃ ይዞ የተቀመጠ ጭቃ ነበር። ታች ስደርስ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። ተክል የሚጠጣው ሥሩ የደረሰበትን ውሃ ብቻ ነው። የቀረው ዝም ብሎ ይተኛል፣ አየሩን ከአፈሩ ያስወጣል። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል። የጠጠሩ ነገርማ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር እንዲሁ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ይዞት ይቆያል። ጠጠር ስታደርጉ ጭቃው ወደ ሥሩ ከፍ ይላል እንጂ አይጠፋም። አሰልጣኙ ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

አሁን ዕቃውን የምቀይረው ሥሩ ሲያድግ ነው። ሥሩ ከሃይላንዱ ቀዳዳ ብቅ ሲል ወደ ባለ 3 ሊትር የዘይት ጀሪካን አዛውራለሁ። እሱንም ሲሞላ ቃሪያውን ወደ 10 ሊትር፣ ቲማቲሙን ወደ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ። ባልዲው የውሃ ቀለም የነበረበት ይሁን፣ በደንብም ይታጠብ። የተባይ መድኃኒት ወይም ምን እንደሆነ የማታውቁት ነገር የነበረበትን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ለቃሪያ 20 ሊትር የግድ ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው። 20 ሊትር አፈር ሲርስ 30 ኪሎ ነው፣ ደረጃውን የምትወጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ቲማቲም ላይ ግን አልከራከርም። 10 ሊትር ውስጥ ሞክሬው በበጋ በቀን ሁለቴ ውሃ እየጠየቀኝ ከሥራ አስቀርቶኛል።

በሶብላ 5 ሊትር ይበቃዋል። ጤና አዳም ለዓመታት ስለሚቆይ 10 ሊትር ስጡት፤ ግን ውሃ አታብዙበት። ሰላጣ ጥልቀት አይፈልግም፣ ስፋት ነው የሚፈልገው፤ የተሰነጠቀ ሳፋ ላይ በአንድ ስንዝር አፈር እያበቀልኩ ነው። ለካሮት ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር ያስፈልጋል፤ የማዳበሪያ ጆንያ አጥፌ 30 ሳንቲ ሜትር አፈር እሞላለሁ። ጆንያው ሌላም ጥሩ ነገር አለው። በየጎኑ አየር ስለሚገባ ሥሩ እንደ ፕላስቲክ ዕቃ ዙሪያውን አይጠማዘዝም። ቶሎ መድረቁ ነው ችግሩ።

ቀዳዳ አትሰስቱ። ሚስማር በእሳት አግሎ ስድስት ሰባት ቦታ መብሳት ነው፤ የተወሰኑትን ጎኑ ላይ ከታች ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ። ታች ብቻ ያለ ቀዳዳ ሲሚንቶ ላይ ሲቀመጥ ይደፈናል። ኮትቻን እርሱት። ቀይ አፈር፣ የበሰበሰ ፍግና ባቄላ ባቄላ የሚያህል ሬዳሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እኩል እኩል እደባልቃለሁ። ሬዳሽ ቀላል ነው፣ ውስጡ ቀዳዳ ነው፣ ግንባታ ባለበት ሁሉ ተከምሮ ታገኙታላችሁ። አስፈቅዳችሁ ውሰዱ።

እትዬ ባለፈው ወር አንድ ቃሪያ ከነባልዲው ወሰዱ። ውሃው የሚያርፍበት ሳህን ከሥሩ እንዳለ ሁለት ጊዜ አንስተው ካዩ በኋላ ነው የወሰዱት። በርሜሉስ? አንዱን ግማሽ ቁራሌው በገዛሁበት ሲሶ ዋጋ ወሰደው። ሌላውን ኮሚቴው አረንጓዴ ቀብቶ ደረጃው ሥር የቆሻሻ መጣያ አድርጎታል። ሳልጠየቅ።