ወይኔን የሚተፉ እንግዶች

"አንቺማ ታድለሽ፤ ሥራሽ ወይን መጠጣት ነው!" ይህን ያላለኝ የአገር ቤት ሰው የለም። የአክስቶቼ ልጆች፣ የድሮ ባልደረቦቼ፣ የእናቴ የጽዋ ማኅበርተኞች፣ ሁሉም የሚያውቁኝ በአንዲት ፎቶግራፍ ነው። ብርጭቆ ይዤ ፈገግ ብያለሁ፤ ከኋላዬ የሞዝል ወንዝ በአረንጓዴ ተራሮች መካከል ይጠማዘዛል። ብርጭቆው ውስጥ የነበረው የፖም ጭማቂ ነው። ያን ቀን ትራክተር እነዳ ነበር፤ የጀርመን ፖሊስ ደግሞ "ባለ እርሻ ነኝ" የሚል ምክንያት አይሰማም።

እንግዲህ ላስረዳ። የምመራው እርሻ ልጆቻቸው ከተማ ገብተው ከቀሩባቸው አንድ ሽማግሌ በኪራይ የያዝኩት ነው። በሞዝል ሸለቆ ተተኪ ያጣ ባለ እርሻ ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ቁልቁለቱ ነው። ብሬም በምትባል መንደር ያለው ካልሞንት የተባለው የወይን ተራራ እስከ 65 ዲግሪ ያጋደለ ነው፤ በአውሮፓ ከእርሱ የበለጠ ቀጥ ያለ የወይን መሬት የለም ይላሉ። የእኔ ያን ያህል ባይሆንም ትራክተር የሚገባው ከታች ባለው ጠባብ ሜዳ ብቻ ነው። ቀሪውን የምንሠራው በእግር፣ በገመድና በአንድ ሐዲድ ላይ በምትሳብ ትንሽ ጋሪ ነው። አፈር የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ በስሱ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ ነው ያለው። ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይመልሳል፤ ሪስሊንግ የተባለው የወይን ዘር እዚህ ሰሜን አገር ድረስ መጥቶ የሚበስለውም በዚህ ምክንያት ነው። እግር ሥር ግን ይንሸራተታል። ጥር ላይ በብርድ እንገርዛለን፤ መጋቢት ላይ የተረፈውን ሐረግ ጎንበስ አድርገን በልብ ቅርጽ ከቋሚው እንጨት ጋር እናስራለን፤ ከዚያ ውርጭ እንፈራለን። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 መጨረሻ ላይ የመጣው ውርጭ በብዙ መንደር ለጋውን ቡቃያ አጥቁሮት አደረ። እኔ ሜዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤቶቼ ፎቶግራፍ አንስተው ወደ ሒሳብ መዝገባቸው ተመለሱ።

ለቀማው የሚውለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ስለዚህ መስቀልን ከሰው ጋር አክብሬ አላውቅም፤ አገር ደመራ ሲለኩስ እኔ የወይኑን ስኳር እለካለሁ። ጭማቂው ምድር ቤት ባሉት፣ እያንዳንዳቸው 1,000 ሊትር ገደማ በሚይዙት የእንጨት በርሜሎች ውስጥ መፍላት ሲጀምር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ቀለም የለውም፤ ሰው ይገድላል። ዛሬ መለኪያ መሣሪያ አለን። ሽማግሌው ግን የተማሩት በሻማ ስለሆነ ለእኔም ሻማውን ደርበው አስተማሩኝ፤ ዝቅ አድርጎ መያዝ፣ ነበልባሉ ከጠፋ ሮጦ መውጣት። ለእናቴ ሻማ ይዤ ወደ ምድር ቤት እንደምወርድ ብነግራት "ተመስገን! ጸሎት አልተውሽም ማለት ነው" ብላ ደስ አላት። አላረምኳትም።

ይህ ሁሉ ድካም ነው፤ ድካም አገራችንም ሞልቷል። ያላሰብኩት ውርደት የመጣብኝ ከእንግዶች ነው።

እርሻውን በስሜ በያዝኩበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ለወይን አፍቃሪዎች ቅምሻ አዘጋጀሁ። ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ፤ ብርጭቆዎቹን አጥቤ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን ይዤ አየሁ። ሽማግሌው በእንግዶቹ መካከል ትናንሽ የሸክላ ባልዲዎች ደረደሩ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሙያ ትምህርት ቤት እያለሁ ሁላችንም እንተፋ ነበር። ያ ግን ትምህርት ነው። በገዛ ገበታዬ ላይ፣ በገዛ እጄ የቀዳሁለት እንግዳ ሲተፋ ማየት ሌላ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ኮት የለበሱ አዛውንት ነበሩ። ብርጭቆውን አሽከረከሩ፤ አፍንጫቸውን ከተቱበት፤ ጎንጨት አሉና አፋቸው ውስጥ አንገላቱት፤ ወደ ጣሪያው አዩ። እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጢቅ አደረጉት። ቀጥሎ ባለቤታቸው። ቀጥሎ ማዶ ያሉት ጥንዶች። ጢቅ፣ ጢቅ፣ ጢቅ። እኛ ቤት እንግዳ የተቀዳለትን ጠላ ቢያጎድል እንኳ ጠማቂዋ "ጌሾው በዛ ይሆን?" እያለች እንቅልፍ ታጣለች። "በሞቴ" ተብሎ ይለመናል፤ በግድ ይጨመርለታል። አፉ ያስገባውን የሚመልስ እንግዳ ግን በተረትም ሰምቼ አላውቅም። ፈገግ ማለት ነበረብኝ፤ ፈገግ አልኩ። "እንዴት ነው?" ብዬም ጠየቅሁ።

የባሰው ግን ማታ ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ ባልዲዎቹን የሚደፋው ማን ነው? ባለ እርሻዋ ናታ። ጥር ላይ ጣቶቼ ደንዝዘው የገረዝኩትን፣ ጥቅምት ላይ በጀርባዬ ከገደል ያወረድኩትን ወይን፣ የሰው ምራቅ ተቀላቅሎበት፣ በሁለት እጄ ተሸክሜ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ ሄድኩ። ጥሩ ዓመት ነበር ደግሞ።

እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። አሥር አሥራ ሁለት ዓይነት ወይን የሚቀምስ ሰው ሁሉንም ከዋጠ አምስተኛው ላይ አፍንጫው ሥራ እንደሚያቆም አውቃለሁ። አብዛኞቹ መኪና ይዘው እንደሚመጡም አውቃለሁ። ሆዴ ግን አያውቅም። እኔም ራሴ በሥራ ላይ እተፋለሁ እንግዲህ። አንድ ጊዜ የነፍስ አባቴን በስልክ፣ በጾም ቀን ከሰዓቱ በፊት በርሜል ቀምሶ መትፋት ጾም ያስገድፋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና "ስትተፊው ይቆጭሻል ወይ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። "እንግዲያው መልሱን ታውቂዋለሽ" አሉ። ከዚያ ወዲህ የበርሜል ቅምሻዬ ማክሰኞና ኀሙስ ሆኗል።

ኮት ለባሹ አዛውንት ብዙም ሳይቆዩ ሁለት ገጽ ሙሉ ደብዳቤ በእጃቸው ጽፈው ላኩልኝ። ሁለተኛው ወይን የተጫረ ክብሪት ክብሪት ይላል፤ አየር ሳያገኝ ቆይቶ ይሆናልና ከመጠጣቱ በፊት ቀደም ብሎ ቢከፈት ይሻለዋል። ሦስተኛው ገና ልጅ ነው፤ ይቆይ። ከአምስተኛው ስድስት ካርቶን ይላክልኝ። የተፉት ሰውዬ ናቸው እንግዲህ! ያን ያህል ስለ ሥራዬ ያሰበ ሰው ከዘመዶቼ መካከል አላገኘሁም። በኋላም ወደ ማኅበራቸው ያስገቡኝ እርሳቸው ናቸው። በየተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ ሁሉም ጠርሙሱን በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል፤ ሌላው ቀምሶ የየት አገር፣ የስንት ዓመት እንደሆነ ይገምታል። እኔ የማውቀው ማኅበር ዳቦ የሚቆረስበት፣ ወሬ የሚወራበት፣ ሰው የሚታማበት ነው። እነዚህ በአንድ ብርጭቆ ላይ ግማሽ ሰዓት ይከራከራሉ፤ ከወይኑ በቀር ማንንም አያሙም። አንድ ምሽት ያረጀ ሪስሊንግ ቀረበና አንዷ ዓይኗን ጨፍና "ቤንዚን!" አለች። እኔ ባለ ጠርሙሱን አየሁና ተሳቀቅሁለት። እርሱ በኩራት ፈካ። ለካ ምስጋና ነው፤ ፀሐይ የጠገበ የሪስሊንግ ፍሬ ጠርሙስ ውስጥ ሲያረጅ የሚያመጣው ሽታ ነው። እስቲ እናቴ ቤት ገብታችሁ ጠጇን "ቤንዚን ቤንዚን ይላል" በሏት።

በዚያው ማኅበር አንድ መምህር "በእናንተ አገር ወይን ይታወቃል?" ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ኖይማገን በተባለችው መንደር የተገኘው፣ የወይን በርሜል የጫነ የሮማውያን መርከብ በድንጋይ የተቀረጸበት ሐውልት የአካባቢው ኩራት ነው፤ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። እኔም ሐውልቱ ከመቀረጹ በፊት፣ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አንድ የግሪክኛ የንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ የጣሊያንና የሎዶቅያ ወይን ይገባ እንደነበር መጻፉን ነገርኩት። ደንበኞች ነበርን ማለት ነው። ዝዋይ ላይ ዛሬም የወይን እርሻ እንዳለ ጨመርኩለት። ከዚያ በኋላ ያ መምህር በጥንቃቄ ነው የሚጠይቀኝ።

የእኛ ሰዎችም ከፍራንክፈርትና ከኮሎኝ ተጠራርተው ይመጣሉ። ሁሉንም ይጠጣሉ፤ ባልዲው ደርቆ ይውላል። "እጅሽ ይባረክ" ይላሉ፤ ይመርቁኛል፤ ይዘፍናሉ። "የትኛው ይሻላል?" ስላቸው "ሁሉም አንደኛ ነው!" ስንት ጠርሙስ ይገዛሉ? አንድ፣ በዘመድ ዋጋ። አንዱማ ወይኑን የሚቀላቅልበት ኮካ ኮላ ጠየቀኝ። ሽማግሌው አጠገባችን ነበሩና በኀፍረት ቀለጥኩ። እርሳቸው ምን ገዷቸው! በበጋ ወይንን ጋዝ ካለው ውሃ ጋር ቀላቅሎ መጠጣት የአገራቸው ወግ ነው። ኮካውን ግን ሲቀዳ እንዳላዩ ሆነው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ያም ሆኖ፣ ባልዲ ሳልደፋ የምተኛው በእነርሱ ቀን ብቻ ነው።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። የጥራት ወይን ተብሎ ሊሸጥ የታሰበ ሁሉ ናሙናው ለመንግሥት መርማሪዎች ይቀርባል፤ ካለፈ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ጠርሙሱ ላይ ይታተማል። ባለ እርሻ በግቢው ያለ መጠጥ ቤት ፈቃድ የራሱን ወይን በብርጭቆ መሸጥም ይችላል፤ ግን በዓመት ከ4 ወር፣ ወንበሩም ከ40 እንዳይበልጥ። አርባ አንደኛውን ዘመድ የት እንደማስቀምጠው ሕጉ አይናገርም።

አሁን "የወይን ለቀማ ቪዛ" የሚል ማስታወቂያ እየላካችሁ እውነት ነው ወይ ለምትሉኝ። ለደላላ አንድ ብር እንዳትከፍሉ። እዚህ ለለቀማ የሚመጣው በአብዛኛው የፖላንድና የሩማንያ ሰው ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ስለሆነ ቪዛ አያስፈልገውም። መንገድ ካለ በሙያ ሥልጠና በኩል ነው፤ በመደበኛው ሦስት ዓመት ይፈጃል፤ ከፊሉን ጊዜ እርሻ ላይ፣ ከፊሉን ትምህርት ቤት እየዋላችሁ። ይከፈላችኋል፤ ከተከፈላችሁ ላይ ግን ለቤተሰብ የሚላክ ብዙ አይተርፍም፤ ይህንን ለእናቶቻችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ንገሯቸው። ጀርመንኛውን አገር ቤት ሆናችሁ ተማሩ፤ እዚህ ስትደርሱ የመንደሩ ሰው የሚናገረው ከተማራችሁት ጋር ዝምድና ባይኖረውም። ገደል የሚያዞረው ሰው አይምጣ። ምስጋና የለመደ ሰውም አይምጣ፤ ጎበዝ ሠራተኛ ስትሆኑ የሚነገራችሁ ትልቁ ሙገሳ "መጥፎ አይደለም" የሚል ነው።

ሌላ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ ክረምቱን ማታ ማታ እመልሳለሁ። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግን ስልክ አላነሳም፤ ያኔ ለጥየቃ የሚመጣ ዘመድ ካለ መቀስና ባልዲ ነው የማስጨብጠው።