ከኦኪቾቢ ሐይቅ እስከ ማራቶን፦ ብሉጊልና ባራኩዳ

ዓሣ ለማጥመድ የመጣሁባት፣ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ያለችው የክሉዊስተን ከተማ ሐይቁ ዳር ሆና ሐይቁን አታይም። እ.ኤ.አ. ከ1928ቱ አውሎ ነፋስ በኋላ የተሠራው የኸርበርት ሁቨር ግድብ በመካከል ቆሟል። ግድቡን ተሻግሬ ስወርድ የፍሎሪዳ ትልቁ ሐይቅ ኦኪቾቢ ተዘርግቷል፤ ስፋቱ ባሕር ይመስላል፣ አማካይ ጥልቀቱ ግን ሦስት ሜትር አይሞላም። ለብሉጊል ከዚህ የተመቸ ውሃ የለም።

ብሉጊል የመዳፍ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ከኤፕሪል ጀምሮ ወንዱ በጅራቱ አሸዋ እየጠረገ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ያበጃል። ጎጆዎቹ ተጠጋግተው ስለሚሠሩ አንዱን ያገኘ ብዙ አገኘ። የሐዋሳዋ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትዞራለች፤ እዚህ ግን ጠባቂው ጎጆው ላይ የሚቆመው አባት ነው። ስለዚህ ከአንድ ጎጆ መንደር ትልልቆቹን ወንዶች ለቅሞ መጨረስ ጫጩቶቹን ያለ ጠባቂ ማስቀረት ነው። ጥቂት ወስዶ ቦታ መቀየር ይሻላል።

አፉ ትንሽ ነው፤ ምግቡን አይነክስም፣ ከውሃው ጋር ይመጠዋል። መንጠቆው 8 ወይም 10 ቁጥር፣ እግሩ ረጅም ይሁን፤ ክሩ ከ4 እስከ 6 ፓውንድ የሚችል። ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ የእርሳስ ክብደት፣ ከዚያ በላይ ቀጭን ተንሳፋፊ። ፌንጣ ወይም ቁራጭ የምድር ትል ይበቃል። ተንሳፋፊው ወፍራም ከሆነ ዓሣው ክብደት ይሰማውና ወዲያው ይተፋዋል፤ ብዙ ሰው «ምግቤን እየሰረቀ ሄደ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሲይዙት እጅን ከራሱ ወደ ጅራቱ ማንሸራተት ያስፈልጋል፤ አለዚያ የጀርባው እሾህ መዳፍ ይወጋል።

በፍሎሪዳ የሐይቅና የባሕር ዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ለየብቻ ነው፤ የባሕሩን ሳይዙ ወደ ደቡብ መውረድ አያዋጣም። ከማያሚ በታች መንገዱ ከደሴት ደሴት በድልድይ ይዘልቃል። ማራቶን የምትባለው የደሴት ከተማ ደርሼ ጥልቀት በሌለው ጥርት ያለ ውሃ ላይ ስመለከት ባራኩዳው፣ ያ ረጅሙ ጥርሳም የባሕር ዓሣ፣ ሳይነቃነቅ ቆሟል።

እዚህ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ባራኩዳ በዓይኑ አድኖ በጥርሱ ይቆርጣል። ከክሩ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሽቦ ከሌለ ክሩ እንደ ፀጉር ይበጠሳል። ማጥመጃው ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አረንጓዴ ወይም ቀይ የጎማ ቱቦ ነው፤ ሌላ ሽቦ በውስጡ ያልፋል፣ አንድ መንጠቆ መሃሉ ላይ፣ ሌላው ጫፉ ላይ ይወጣል። የጫፉ መንጠቆ ከሌለ ዓሣው ቱቦውን ከኋላ ቆርጦ ይሄዳል። ቱቦው ትንሽ ጎበጥ ካላለ በውሃ ውስጥ አይሽከረከርም፤ ስለሚሽከረከርም ከክሩ ጋር የሚያገናኘው ተሽከርካሪ ማያያዣ ግድ ነው፣ አለዚያ ክሩ ይጠማዘዛል።

ማጥመጃው ዓሣው ራስ ላይ አይጣልም፤ ዓሣው ይደነብራል። ከፊቱ ጥቂት ሜትር አሳልፎ ጥሎ እጅ በቻለው ፍጥነት መጠቅለል ነው። ዓሣው ሲከተል አብዛኛው ሰው «ይድረስበት» ብሎ ያዘገያል። ባራኩዳው ያን ጊዜ ቀርቦ ያየዋል፣ አይቶም ይመለሳል። ሲከተል ፍጥነት መጨመር እንጂ መቀነስ የለም። መንጠቆውን በረጅም ፒንሳ፣ ዓሣው ውሃ ውስጥ እንዳለ ማውጣት፤ ጣት ወደ አፉ አይጠጋም።

ብሉጊሉ ቅርፊቱና ሆዱ ተጠርጎ፣ ጎንና ጎኑ ተበጣጥቶ፣ ውሃው በደንብ ተጠርጎ በጋለ ዘይት ይጠበሳል፤ እርጥብ ከሆነ መጥበሻው ላይ ይጣበቃል። ባራኩዳውን ግን፣ በተለይ ትልቁን፣ እኔ ለማንም አልመክርም። ሪፍ (በባሕር ውስጥ ያለ የኮራል ዐለት) ላይ ካለ ደቂቅ አልጌ የሚነሳ፣ ሲጓቴራ የተባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ ከትንሽ ዓሣ ወደ ትልቅ እየተሻገረ ሥጋው ውስጥ ይከማቻል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ መጥበስም ሆነ ማቀዝቀዝ አያጠፋውም። ትውከት፣ የከንፈርና የጣት መደንዘዝ፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነኩ እንደ ማቃጠል መሰማት ከታየ ወዲያው ሐኪም ጋ መሄድና የተበላው ዓሣ ምን እንደነበር መንገር ያስፈልጋል።